ራጅ ሐኪም ዘንድ ሽማግሌ የላከው ሰው

የጋሽ በላይነህን ሞት የሰማሁት መገናኛ ታክሲ ልሳፈር ስጋፋ ነው። የደወለልኝ ወሰን ሰፈር ካለው ጋራዣችን አጠገብ መለዋወጫ የሚሸጠው ጋሽ ከድር ነበር። «በላይነህ አረፈ» አለኝ። ቀጠለና፣ «ልቡ ናት። ጠዋት ቁርስ ላይ እንዳለ ነው። ሌላ ነገር የሚነግርህ ሰው ካለ እንዳትሰማው» አለኝ።

ጋሽ ከድር ሰፈሩን ያውቃል። ወሰን ስደርስ ድንኳኑ ገና እየተተከለ ነው፤ ፍርዱ ግን ተሰጥቶ አልቋል። «ያ በሽታ እኮ ነው፤ ተደብቆ ቆይቶ ነው» ይላል አንዱ። «ካንሰር መቼ ይለቃል!» ይላል ሌላው፣ ችካል እየመታ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ያን ሁሉ የሐኪም ቤት ፎቶ ባይነሣ ኖሮ ዛሬም ይኖር ነበር ብላ አረፈች። ደሜ ፈላ። ሰው ሲሞት የሞተበትን ምክንያት መምረጥ የቀባሪው መብት ነው እንዴ? ያ በሽታ ጋሽ በላይነህን አልገደለውም። ከዳነ ስንት ዓመቱ! እንዴት እንደዳነ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ለመዳኑ ጋቢ ተከናንቤ ሽማግሌ ሆኜ ሄጃለሁና። ያኔ ራሴ ላይ አንድ ሽበት አልነበረም።

ጋሽ በላይነህ ፍሬን ሠሪ ነበር። እኔ በዚያው ጋራዥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። አጭር፣ አንገተ ደንዳና፣ ከመናገሩ በፊት እጁን በጨርቅ እስከ ክርኑ የሚጠርግ ሰው ነበር። እጁ ከቆሸሸ አይናገርም። ስለዚህ ከእሱ ጋር ተጨቃጭቆ መጣላት አይቻልም፤ ጨርቁን ፈልጎ፣ ጠርጎ፣ መልሱን እስኪያመጣ የሰው ንዴት ይበርዳል።

ከኦርቶዶክስነቱ ሌላ አንድ እምነት ነበረው። ሳትፈታ አትፍረድ ይላል። «ፍሬኔ ይጮኻል» ብሎ ለመጣ ሰው አራቱንም ጎማ ያወርዳል። ባልና ሚስት ተጣሉ ሲባል «ማን ፈቶ አያቸው?» ይላል። ከሚስቱ ከእትዬ አስካለ ጋር ፍሪጅ የገዙ ዕለት፣ ፍሪጁ ሶኬት ሳይነካ ፈታው። መልሶ ሲገጥመው ሁለት ብሎን ተረፈ፤ ፍሪጁም ከዚያ ወዲህ ቅቤ ሲያቀልጥ ኖረ። «ቢሆንም አውቄዋለሁ» ይል ነበር። እኔ ሞተር አስነሥቼ፣ ጆሮዬን ጥዬ፣ ችግሩ እዚህ ጋ ነው ስል ደግሞ ይቆጣኛል። «ጆሮ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም» ይለኛል። እንግዲህ ይህ ሰው ነው በኋላ በድምፅ የተፈረደበት።

አንድ ክረምት ጋሽ በላይነህ መኪና ሥር መተኛት ተወ። በርጩማ ላይ ሲቀመጥም በአንድ በኩል ብቻ ሆነ። ምን ሆነህ ነው ስለው ወገቤ ነው አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት እጁ ሳይቆሽሽ ጠርጎት መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

«አንድ ዘመድ አለኝ» አለኝ። «እዚያ ጋ አብጦበታል።»

«የት ጋ?»

«እዚያ ጋ ነዋ! አንዱ ፍሬ። አያመውም። ከብዶታል ብቻ።»

«የትኛው ዘመድህ ነው?»

«አታውቀውም። የእኔ እኩያ ነው።»

«ታዲያ ሐኪም አይታይም?»

«አፍሯል።»

«እትዬ አስካለ ሰምታለች?»

«የዘመዴን ነገር አስካለ በምን ትሰማለች?» አለና ጨርቁን ከዚህ እጁ ወደዚያ እጁ አዛወረ። «ሰምታለች። እሷ ናት ያገኘችው።»

ልስቅ ነበር፣ ፊቱን ሳየው ተውኩት። ሰውዬው ፈርቷል። ፍሬን የተበጠሰበት ሲኖ ትራክ ሥር ገብቶ የሚያፏጭ ሰው ከንፈሩ ደርቋል።

እትዬ አስካለ እየጎተተች መገናኛ አካባቢ ያለ ክሊኒክ ወሰደችው። አልትራሳውንድ ያነሣችው ዶክተር ሜሮን የምትባል የራጅ ሐኪም ናት፤ ወጣት፣ ቀጭን፣ ረጋ ያለች። በማግስቱ ጋራዥ ሲመጣ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር። እጁን ሳይጠርግ ተናገረ፤ ያን ቀን ብቻ ነው እንደዚያ ሲያደርግ ያየሁት።

«ሳትፈታ ፈረደችብኝ!» አለኝ። «የቀኙ ውስጥ ጠጣር ነገር አለ፣ ካንሰር ይመስላል፣ ቀዶ ሐኪም ጋ ሂድና ይውጣ አለችኝ። ከፍተሽ አይተሽዋል? አልኳት። አላየሁም፣ ግን በምስሉ አይቼዋለሁ አለች። ምስሉ በምን መጣ? አልኳት። በድምፅ፤ ድምፁ ይሄድና ሲመለስ ምስል ይሆናል አለች። በድምፅ! እንዳንተ!»

«እንግዲያው ከፍተው ይዩት አትላትም?»

«አልኳት እንጂ! ክፈቱት፣ ጥሩ ከሆነ መልሱት፣ መጥፎ ከሆነ አውጡት። አይሆንም አለች። ይሄ መርፌ አይነካውም፣ እዚያው ላይም አይቀደድም፣ ክፉ ነገር ከሆነ ሊበተን ይችላል፤ በብሽሽት በኩል ሙሉው ይወጣና ከወጣ በኋላ ነው የሚመረመረው አለች። ሰማህ? ከወጣ በኋላ! እኔ የሰው መኪና ጎማ አውጥቼ ጥዬ፣ አሁን ደግሞ ችግር እንደነበረበት ልየው ብል የት ነበር የማድረው?»

ምስሉን ይዞት ነበር፤ እጅ የምታህል የምታብለጨልጭ ወረቀት። የት አካባቢ እንደተነሣ ሳይናገር የጋራዡን ሰው ሰበሰበና በሥራ መብራት አስመረመረ። የላሜራ ሠራተኛው ድንች ነው አለ። ጎሚስታው የውስጥ ጎማ ነው፣ ይቺ ጥቁሯ የተለጠፈበት ቦታ ናት አለ። እኔን «አንተ የኤሌክትሪክ ሰው ነህ፤ ማሽኑ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው፤ አንብብልኝ» አለኝ። ወረቀቱን ዘቅዝቄ፣ አቅንቼ፣ በመጨረሻ ስሙን አነበብኩለት። ስሙ ትክክል ነበር።

ሦስት ቀን አሰበ። በአራተኛው ቀን «ሽማግሌ እልክባታለሁ» አለ።

ቀልዱን መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ጋሽ በላይነህ ነገሩን እንዲህ ነው ያየው፦ ይህች ልጅ ፈርዳበታለች፤ በአገራችን ደግሞ የተፈረደበት ሰው ሽማግሌ ይልካል። ባል ሚስቱን ቢበድል፣ ጎረቤት ከጎረቤት በአጥር ቢጣላ፣ ሽማግሌ ገብቶ ያቀለዋል። ካንሰርስ ቢሆን ለምን አይቀልም? የመረጣቸው ሽማግሌዎች ጋሽ ከድርና የእድራችን ዳኛ አቶ ጻድቁ ነበሩ። ሦስተኛ ጠፋና እኔ ተመደብኩ። አቶ ጻድቁ ከቤታቸው ትርፍ ጋቢ አምጥተው አለበሱኝና «ወጣትነትህን በዝምታ ሸፍነው» አሉኝ።

ክሊኒኩ ገባን። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ «ቁጭ በሉ አባቶቼ» አለችን።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ ጻድቁ።

ልጅቷ ሦስት ባለ ጋቢ ተደርድረው ስታይ ፊቷ በራ። «ለማን ነው የመጣችሁት?»

«ለዶክተር ሜሮን።»

እየሮጠች ገባች። ወዲያው ነርሶች አንድ በአንድ በየበሩ አንገታቸውን ማውጣት ጀመሩ። ላቦራቶሪ ያለው ልጅ ጓንቱን ሳያወልቅ መጣ። አንዷማ ስልኳን አውጥታ መቅረጽ ጀምራለች። ዶክተር ሜሮን ፊቷ ቀልቶ ወጣች።

«ማነው የላካችሁ?» አለች ቀስ ብላ።

«ልጃችን በላይነህ ነው የላከን» አሉ አቶ ጻድቁ። «ሥራ ወዳድ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ ወሰን ውስጥ የታወቀ ፍሬን ሠሪ ነው።»

«አላውቃቸውም።»

«ታውቂዋለሽ ልጄ፤ ባለፈው ሳምንት በደንብ አይተሽዋል» አለ ጋሽ ከድር።

እንግዳ ተቀባይዋ ትዝ አላት። «እንዴ! እሳቸው ባለትዳር አይደሉም እንዴ?»

«ባለትዳር ነው። ሚስቱም ተስማምታለች» አሉ አቶ ጻድቁ በኩራት።

ስትቀርጽ የነበረችው ስልኳን ዝቅ አደረገች። እኔ ወጣትነቴን በዝምታ እንድሸፍን ታዝዣለሁና ዝም አልኩ፤ ጋቢው ውስጥ ግን በላብ ተጠምቄያለሁ። ያዳነን ጋሽ ከድር ነው። «ኧረ ለጋብቻ አይደለም! አንድ ነገር ፈርደሽበታል፣ ቀለል አድርጊለት ብለን ነው» አለ። አቶ ጻድቁም ወዲያው ወደ ድርድሩ ገቡ። «ሙሉው ከሚወጣ እንግዲህ ግማሹን ይተዉለት። ለእኛ ስትዪ።»

ዶክተር ሜሮን ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። እንባዋን በጋዋኗ እጅጌ ጠረገች። ስትጨርስ ግን ፊቷ ሌላ ሆነ።

«አባቶቼ፣ እኔ ዳኛ ብሆን እምርላቸው ነበር» አለች። «ግን አልፈረድኩም፣ ያየሁትን ነው የተናገርኩት። ደግሞ እሳቸው በሌሉበት ስለ እሳቸው አላወራም። ራሳቸው ይምጡ። ቶሎ ይምጡ።»

«እዚህ ነው ያለው» አለ ጋሽ ከድር።

ሽማግሌ የላከ ሰው ከበር ራቅ ብሎ መጠበቅ አለበትና ጋሽ በላይነህ ከክሊኒኩ አጥር ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጠራሁት። አንገቱን ደፍቶ ገባ። ዶክተሯ አልጋው ላይ አስተኛችው፣ በእሱ ፈቃድ እኛን ከመጋረጃው ወዲህ አቆመችን፣ ማሽኑንም ወደ እሱ አዞረችለት። የምናየው ነገር የለም፤ የምንሰማው ብቻ ነው።

«ይሄ ግራው ነው፤ ጤነኛው። ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፣ አዩት? አሁን ቀኙን ይዩ። መሃሉ ላይ ያለችውን ጥቁሯን አዩዋት? ግራው ላይ የለችም።»

«አየሁ።»

«አሁን ደግሞ ቀለም ልጨምርበት። ይሄ ቀዩና ሰማያዊው የሚሄደው ደምዎ ነው። ጥቁሯ ውስጥ እንዴት እንደተራወጠ ይዩ።»

አልጋው ተንቋቋ። ከዚያ ጋሽ በላይነህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄ አሁን ነው?» አለ።

«አሁን ነው።»

«እየሠራ?»

«እየሠራ።»

እኔ ብቻ ነኝ የገባኝ መሰለኝ። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲፈታ የኖረው የቆመ ነገር ነው። የሚፈታ ነገር መጀመሪያ መጥፋት፣ መቀዝቀዝ አለበት። እየሠራ ያለን ነገር ውስጡን አይቶ አያውቅም፤ ማንኛችንም አናውቅም። «ግራውን አንዴ ድገሚልኝ» አላት። ደገመችለት። ብዙ አየው። ከዚያ «በቃ፣ እሺ። ይውጣ» አለ። አቶ ጻድቁ ሽምግልናው የተሳካ መስሏቸው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው መረቁ።

ቀዶ ሕክምናው ደህና አለፈ። የወጣው ሲመረመር እንደተባለው ካንሰር ነበር። ከዚያ ወደ ሆድና ወደ ደረት ሄዶ እንደሆነ ለማየት ሲቲ ስካን ታዘዘለት። እዚያ ደግሞ ሌላ ጉድ ፈላ። ምስሉ እንዲጠራ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ሲገባ ሰውነትን ያሞቃል፣ ሽንት ያመለጠም ያስመስላል። ባለሙያው አስቀድሞ ነግሮታል፤ ጋሽ በላይነህ ግን በፍርሃት አልሰማም። ምርመራው አልቆ ተነሡ ቢሉት አልነሣም አለ። «እናንተ ውጡ፣ ማሽናችሁን እኔ አጥቤ አስረክባለሁ» አለ። ደረቅ መሆኑን አንሶላውን እየዳሰሱ ካሳዩት በኋላም አላመነም፤ ቤት ሲገባ «ማሽኑ ያፈሳል» ብሎ ለእትዬ አስካለ ነገራት።

ሆዱም ደረቱም ንጹሕ ነው ተባለ። ለሰፈሩ የተነገረው ቡአ አስወጣ ተብሎ ነበር። ነገር ግን እኛ ሰፈር ፎቶ የሌለው በሽታ አይታመንም፤ ጠያቂ የመጣ ሁሉ ፎቶውን አምጡ ይልና መስኮት ላይ ዘርግቶ ያየዋል። ሊታይ የሚችለው የደረቱ ብቻ ነበርና እትዬ አስካለ እሱን አቀረበች። አንዷ ጎረቤት ሳንባውን ወደ ብርሃን ይዛ አገላብጣ፣ «እንዴ፣ ቡአው ሳንባው ውስጥ ነበር?» አለች። እትዬ አስካለ ዓይኗን ሳትሰብር «ከዚያ ነው የጀመረው» አለቻት። በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ ስለ ሳንባ ቡአ ያወራ ነበር።

ሐኪሞቹ ሲሸኙት አንድ ነገር አጥብቀው ነግረውታል። በየጥቂት ወሩ ደምህ ይመረመራል፣ ሆድህና ደረትህ እንደገና ይነሣል፤ የቀረ ነገር ካለ አንተ ሳታውቀው ፎቶው ነው ቀድሞ የሚያየው ብለውታል። አንዴ ሄደ፣ ንጹሕ ሆነ። በሁለተኛው ቀጠሮ ቀረ። እትዬ አስካለ ብትለምነው፣ እኔ ብቆጣው፣ «ደህና ነኝ። የሚሄድ መኪና አይፈታም» አለን። ፍሪጅ ሶኬት ሳይነካ የፈታ ሰው ነው እንዲህ ያለው! እውነቱን ለመናገር የፈራው ማሽኑን አልነበረም። የፈራው ውጤቱን ነው፤ ውጤት ለመስማት ሲቀመጥ የያዘውን ጨርቅ ሲበጣጥስ አይቻለሁ።

የሚገርመው ሐኪም ቤት የመለሰችው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ናት። ታሞ ሳለ ብትምሪኝ ወጥቼ እመሰክራለሁ ብሎ ተስሎ ነበር። አንድ ቅዳሜ አብረን በባሕር ዛፉ መሃል ሽቅብ ወጣን። ምስክርነት የሚያስተናብሩት አባ ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር ነው።

«ከምን ዳንክ?»

«ከካንሰር፣ አባቴ።»

«ፎቶ አለህ?»

«የምን ፎቶ?»

«የበፊትና የአሁን። አንዱ ድኛለሁ ብሎ መስክሮ በወሩ ሞተብኝ። ሕዝቡ እኔን ነው የጠየቀኝ።»

«አባቴ፣ እምነት አይበቃም?»

«ላንተ ይበቃል። ለማይክሮፎኑ አይበቃም። የአሁኑን ተነሥተህ ና።»

ስለት ነውና ምን ያድርግ። ለሐኪም ያልታዘዘ ሰው ለማይክሮፎን ታዘዘ። የዘለለውን ሲቲ ስካን ተነሣ። ከሆዱ ጀርባ፣ ከአከርካሪው አጠገብ፣ አንድ ንፍፊት አብጦ ተገኘ። ጋሽ በላይነህ ምንም አልተሰማውም ነበር። ይበላል፣ ይሠራል፣ ያፏጫል። ጥቂት ወር ቢቆይ ወደ ሳንባው ይወጣ እንደነበር ነገሩት።

ያን ቀን ጋራዥ መጥቶ ግማሽ የተፈታ ሚኒባስ ውስጥ ገባና በሩን ዘጋ። ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «እኔስ ግድ የለም» አለኝ፣ «አስካለ ማን አላት?» አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ልጅ አልነበራቸውም፤ ያላቸው እርስ በርሳቸው ነበር። እስከዚያች ቀን ነገሩን ሁሉ እንደ ቀልድ ነበር የያዝኩት። ያን ቀን ጋሽ በላይነህ የሌለበት ጋራዥ ታየኝና ፈራሁ።

ኬሞ ተጀመረ። ፀጉሩ አለቀ፣ ቅንድቡም ሄደ፣ ምግብ ሲሸተው ይታመማል። ሦስት ወር ያህል እንዲህ ሆኖ ቆየ። መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው በሌላ ሲቲ ስካን ነው ተባለ። በቀጠሮው ዕለት ደግሞ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ መቼ እንደሚሠራ አይታወቅም የሚል መልስ መጣ። በማግስቱ ጋሽ በላይነህ የለም። እትዬ አስካለ እያለቀሰች ስትፈልገው ሆስፒታሉ በር ላይ አገኘችው፤ ቱታውን ለብሷል፣ የመፍቻ ሳጥኑን ታቅፏል፣ ከጥበቃው ጋር ይጨቃጨቃል።

«ፈትቼ ልየው ብቻ ነው የምለው!»

«አባባ፣ በሽተኛ ነዎት እኮ።»

«ማሽኑም በሽተኛ ነው!»

እንደ ምንም ይዛው ተመለሰች። ምስሉ በሌላ ሆስፒታል ተነሣ። ንፍፊቱ ሟሽሿል። ከወራት በኋላ ሲደገም ጨርሶ የለም። የመጨረሻውን ያነበበችለት ዶክተር ሜሮን ናት፤ እሷ ጋ ይዞ ሄዶ ካላነበብሽልኝ አላምንም ብሏት ነው። እሷም ሁለቱን ጎን ለጎን ሰቅላ «ይሄው፣ ነበረ፤ ይሄው፣ የለም» አለችው። ከድሮው ተቃውሞ ትዝ ያለው ነገር የለም። አንገቷ ሥር ገብቶ አቀፋት።

በኪዳነ ምሕረት ዕለት ፎቶዎቹን ይዘን ወጣን። አባ አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ ይዘው አዩዋቸው። ምን እንዳዩ እግዜር ይወቅ፤ ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁና ማይክሮፎኑን ሰጡት። ለሕዝቡ ቡአ ብሎ ሊመሰክር ተስማምተን ነው የወጣነው። ግቢው በነጠላ ነጭ ሆኗል። ጋሽ በላይነህ እጁን በነጠላው ጫፍ ጠረገ፤ ሲጠርግ ቆየ። እኔ ነገር እንደመጣ ያኔ ገባኝ።

«በሽታው የዘር ፍሬዬ ላይ ነበር» አለ።

ድምፅ ማጉያው ቁልቁል እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ አስተጋባው። አንዲት እናት ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ከኋላ ወንዶች ሳቁ። አባ ማይክሮፎኑን ሊቀሙት እጃቸውን ዘረጉ፣ ግን እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«አያምም» ሲል ቀጠለ። «ያብጣል፣ ይከብዳል እንጂ አያምም። ስላላመመኝ ናቅኩት። ስላፈርኩ ደበቅኩት። ወንድሞቼ፣ አትደብቁ። ኪዳነ ምሕረት አዳነችኝ፤ በፎቶ አስታይታ፣ በሐኪም እጅ አዳነችኝ። ድኛለሁ ብዬ ስቀርም እዚሁ ደጇ ላይ አስመልሳ ላከችኝ። ሌላ የምለው የለኝም።»

ከሴቶቹ መሃል አንድ እልልታ ብቻዋን ወጣች። እትዬ አስካለ ነበረች።

ሰፈሩ ለአንድ ወር ሳቀበት። ጋሽ ከድር እንኳን «ሽማግሌነታችንን በድምፅ ማጉያ አፈረሰው» ብሎ አኩርፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ጋራዣችን ውስጥ አዲስ ዓይነት ደንበኛ መታየት ጀመረ። መኪና የሌለው ደንበኛ። ጋራዡ በር ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ከዚያ ይገባና «ፍሬን የሚሠሩት ሰውዬ አሉ?» ይላል። መኪናህ የታለ ስንለው፣ ሰፈር ነው ያቆምኩት ይላል። አንዱማ ከእንጦጦ እንጨት ጭነው ከሚወርዱት ነበር፤ ሁለት አህያ በር ላይ አስሮ ፍሬን አስቸገረኝ አለን። ጋሽ በላይነህ ማንንም አይጠይቅም፣ አይስቅም። እጁን ይጠርግና ያ ሚኒባስ ውስጥ ይዞ ይገባል። ሲወጡ አንዳንዱን ወደ ቤቱ ይሸኘዋል። አንዳንዱን ግን ሥራውን ጥሎ፣ ቱታውን እንኳን ሳይቀይር፣ ታክሲ አሳፍሮ ዶክተር ሜሮን ጋ ያደርሰዋል። ማነው ሰውዬው ብዬ ስጠይቀው «የፍሬን ደንበኛ ነው» ይለኛል። ስም ነግሮኝ አያውቅም። እሱ ራሱም ቀጠሮ ዘሎ አያውቅም፤ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ይበቃል እስኪሉት ድረስ ተመላልሶ ተነሥቷል። የመጨረሻውም እንደ ፊተኞቹ ንጹሕ ነበር። ልቡን ግን ማንም አላነሣትም።

እዚያው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቀበርነው። ከቀብር ስንመለስ ድንኳኑ ውስጥ ከኋላ በኩል የማናውቃቸው ወንዶች ተቀምጠዋል። እርስ በርሳቸውም አይተዋወቁም። አንድ በአንድ ወደ እትዬ አስካለ እየመጡ ጎንበስ ይሉና «መኪናዬን ሠርቶልኝ ነበር» ይሏታል። እሷም «እግዜር ይስጥልኝ» እያለች ታሳልፋቸዋለች። አንዱ፣ ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው፣ ቆሞ ማልቀስ ጀመረና ማቆም አቃተው። እኛ ዘመድ የምንባለው ያን ያህል አላለቀስንም። ያ ችካል ሲመታ የነበረው ሰውዬ አላስችል ብሎት ጠየቀው።

«አንተ ልጅ፣ ምን ዓይነት መኪና ነው ያለህ?»

ልጁ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ።

«መኪና የለኝም» አለ። «ኖሮኝም አያውቅም። እጄን ይዞ ሐኪም ቤት የወሰደኝ እሱ ነው። በሽታው እንደ እሱ ነበር። ይሄው አለሁ።»

እትዬ አስካለ ክንዱን ይዛ ሳበችውና አጠገቧ፣ የዘመድ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ከኋላ አንዱ ኮፍያውን አውልቆ ተነሣ። ባለ አህያውም ተነሣ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ወንበሩ በእነሱ ሞላ፤ እኛ ዘመዶቹ ቆምን።